የባሕሩ ሰዓት

ብሮንዊን የጀርባ ሻንጣዋን ራሷ ላይ አድርጋ ወንዙ ውስጥ ገባች። ውሃው ጉልበቷን አለፈ፣ ጭኗ ላይ ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። ከመግባቷ በፊት አንዲት ደረቅ እንጨት ውሃው ጠርዝ ላይ ተክላ ጠብቃለች። ውሃው እንጨቷን ትቶ ሲሸሽ ካየች በኋላ ሰዓቷን አየች። ባሕሩ እየጎደለ ነው፤ ወንዙ አፉን ከፍቶ ያሳልፋል።

በግራ እጇ ያለው ትልቅ የወንድ ሰዓት የባሏ የሮስ ነው። ማሰሪያው ስለሚሰፋት እጇን ባነሳች ቁጥር እስከ ክርኗ ይንሸራተታል። በእነሱ ግዛት በጋ ሲገባ ሰዓቱ በአዋጅ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፣ ምሽቱ እንዲረዝም። ሮስ ግን የገዛ ሰዓቱን አስነክቶ አያውቅም። «ባሕሩ አዋጅ አይሰማም» ይል ነበር። ሐሰት አልነበረም፤ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሚነግረው ሰንጠረዥ የሚታተመው በአሮጌው ሰዓት ነው። ስለዚህ ሮስ በጋውን ሁሉ ለሰው ቀጠሮ እየዘገየ፣ ለባሕሩ ግን አንድም ቀን ሳይሳሳት ኖረ። ለራሱ ሠርግ እንኳ ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ።

ያረፈው በጸደይ፣ ሰዓቱ በተቀየረ ሰሞን ነበር። ኮፍስ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ፣ ጎህ ሲቀድ። የግድግዳው ሰዓት አሥራ ሁለት ይላል። ነርሷ ከእጁ ፈትታ የሰጠቻት ሰዓት ደግሞ አሥራ አንድ። ብሮንዊን ሁለቱን እያፈራረቀች ስታይ ቆየች። ታዲያ በዚህኛው ገና አንድ ሰዓት አለው ማለት ነው፣ ብላ አሰበች። ሞኝነት መሆኑ አልጠፋትም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው እንደዚያው ትነቃለች። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለችው ያች ጊዜ የእሷና የእሱ ናት። ድንኳኗ ውስጥ ተጋድማ ታዳምጣለች፤ አጠገቧ የሚተነፍሰው ማዕበሉ ይሁን እሱ ለመለየት አትሞክርም።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ አልያዛት አለ። ሻንጣውን ከጋራዡ አውጥታ አቧራውን አራገፈችና ባሕሩን በቀኟ አድርጋ ወደ ሰሜን መራመድ ጀመረች። ወጣት ሳሉ በየበጋው ይሄዱበት የነበረው መንገድ ነው። መጨረሻው ሁልጊዜ ያው ነበር፤ ትዊድ ከተማ፣ የባልና ሚስቱ የሎርናና የዳርሲ ቤት። አራቱ የተገናኙት ሙዝ ለቀማ ላይ ሲሆን ከዚያ ወዲያ ሮስና ብሮንዊን በእግር እየመጡ፣ ሎርናና ዳርሲ እያበሉ፣ ዕድሜ አለቀ።

የሎርና ቤት ከድንበሩ ጎዳና ወዲህ ነው። ከጎዳናው ማዶ ኩዊንስላንድ ይጀምራል፤ ኩዊንስላንድ ደግሞ ሰዓት መግፋት የሚባለውን ነገር እምቢ ያለ ግዛት ነው። ስለዚህ በጋውን ሁሉ ሰው አንድ መንገድ ተሻግሮ አንድ ሰዓት ያተርፋል። ድሮ አራቱ አዲስ ዓመትን ወዲህ ሳሉ አንዴ ተሳስመው ይቀበሉትና እየሮጡ ተሻግረው እንደገና ይጠብቁት ነበር። ሮስ በጎዳናው መሃል ቆሞ እንዲህ ይላቸዋል፤ «መጥፎ ነገር ሲመጣባችሁ ቶሎ ተሻገሩ። እዚያ ማዶ ገና አልሆነም።»

ከሰዓት በኋላ የሎርናን የጓሮ በር ገፋች። ሎርና የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዛ ቆማ ነበር። ፀጉሯ ከአምናው ይበልጥ ነጥቷል።

«መጀመሪያ እግርሽን» አለች። አሸዋ ይዞ እዚያ ቤት መግባት ለማንም አይፈቀድም። ውሃውን ለቀቀችባት። ከእግሯ ወደ ጉልበቷ ስትደርስ ጎማው ከእጇ ወደቀ፤ ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ቆሙ፣ ውሃው ሣሩ ላይ እየፈሰሰ።

ዳርሲ ከመጋዘኑ ወጣ። ሽሪምፕ፣ ያንን ቅርፊታም ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ በጀልባ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጀልባውንም መኪናውንም ለቋል።

«አንቺ ነሽ ሻንጣውን የተሸከምሽው ወይስ እሱ አንቺን?»

«ተራ በተራ ነው» አለች ብሮንዊን።

ገበታው በረንዳ ላይ ቀረበ። ጋዜጣ ላይ የተዘረገፈ ሽሪምፕ፣ ነጭ ዳቦ በቅቤ፣ ኮምጣጤ፣ ላብ ያላበው ቢራ። አራት ወንበር ነው ያለው። ዳርሲ አራተኛው ላይ ኮፍያውን አስቀመጠ፣ ባዶ እንዳይመስል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ አዲስ ውሻ፣ በአሸዋው ላይ ስለሞተው ዓሣ ነባሪ አወሩ። ስለ ሮስ ማንም አላነሳም፤ ሁሉም ግን ለእሱ ቦታ እንደሚተው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

በኋላ ሎርና እጇን በጋዜጣው ጠረገች። «ቴጋን ደውላ ነበር።»

ቴጋን የብሮንዊን ልጅ ናት፣ አንድ ልጇ። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ትናንትም። ከትናንት በስቲያም። ስልክ አታነሳም አለችኝ።»

«አሸዋው ላይ ኔትወርክ የለም።»

«ብሮኒ፣ ከእኔ ጋር እኮ ነው የምታወሪው።»

ብሮንዊን የሽሪምፕ ቅርፊቶቹን በመስመር መደርደር ያዘች። «ያው ሆስፒታል ነው ሎርና። ያው በር። ያው ኮሪደር።»

«አውቃለሁ» አለች ሎርና። አንዱን ሽሪምፕ ላጠችና እንደ ሕፃን ሳህኗ ላይ አስቀመጠችላት።

ዳርሲ አንድ ትኬት ከኪሱ አውጥቶ የጨው ዕቃው ሥር አስቀመጠ። ትኬት ቆርጦላታል፤ የነገው የኮፍስ አውቶቡስ ሰባት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው። «ካልሄድሽ ደግሞ ገንዘቤን አልጠይቅሽም» አለ፤ «ሣሬን ታጭጂልኛለሽ።»

ብሮንዊን ፈገግ አለች፤ ትኬቱን ግን አልነካችውም። እሷ ያሰበችው ሌላ ነበር። ነገ ጎዳናውን ተሻግራ ወደ ሰሜን ልትቀጥል። እዚያ ማዶ የሮስ ሰዓት ለባሕሩም ለሰውም ትክክል ነው። ማንም የግድግዳ ሰዓት አይክደውም። እዚያ ብትኖር ማለዳዋን ማን ይነካባታል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልዋኝ ብላ ወጣች። ሰዓቱን ፈትታ ጫማዋ ውስጥ ደበቀችው። ከሚሰበሩት ማዕበሎች ባሻገር ባሕሩ ዝም ያለ አረንጓዴ ነበር። በጀርባዋ ተንጋለለች። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ሲገባ የዓለሙ ድምፅ ሁሉ ራቀ፤ የቀረው የአሸዋው ፍሬዎች ከታች ሲፋጩ የሚያሰሙት ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሁለት ፔሊካኖች ከላይዋ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ አለፉ። ከዚያ ከዳር ሳቅ የሰማች መሰላት፣ የአራት ወጣቶች ሳቅ፤ አንዲቱ ድምፅ የራሷ ነበረች። ቀና ብላ አላየችም። ልሂድም፣ ልቅርም አላለችም። ውሃው ከፍ ዝቅ ሲያደርጋት፣ ጊዜው በላይዋ እንደ ወፎቹ እንዲያልፍ ተወችው።

ሰዓቱን መልሳ አስራ ስትመለስ የወጥ ቤቱ ሰዓት ሰባትን ካለፈ ቆይቷል። ሎርና ከዕቃ ማጠቢያው ቀና አላለችም። ዳርሲ ማንበብ የማይችለውን ጋዜጣ ፊቱ ላይ ዘርግቷል። ትኬቱ የጨው ዕቃው ሥር እንደነበረ አለ። ብሮንዊን ከአናቷ ላይ ሸክም የወረደላት መሰላት። ቁጭ ስትል ግን ያ ሸክም ከራሷ ወርዶ ሆዷ ውስጥ መቀመጡን አወቀች።

ስልኩ ጮኸ። ሎርና አነሳች፣ አዳመጠች፣ ለብሮንዊን ዘረጋችላት።

«እማዬ፣ ጀመረኝ።» የቴጋን ድምፅ ቀጭን ነበር። «አዋላጇ ገና ነው፣ ለጊዜው ቤትሽ ቆዪ ብላኛለች። እስከ ማታ አልሄድም። ገና እዚያው ነሽ?»

«ሎርና ቤት።»

ልጅቱ ስትተነፍስ ይሰማል፤ ረጅም፣ የሚሄድና የሚመለስ።

«በሩን ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «እኔስ? እኔም እኮ አባዬን እዚያው ነው ትቼው የወጣሁት። አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

ብሮንዊን የምትለውን ሳታስብ «መጣሁ» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት ጋር ገጠመ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው።

«ሄዷል ብሮኒ» አለች ሎርና ቀስ ብላ። «የሚቀጥለው ነገ ነው።»

ብሮንዊን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። አውቶቡሱን የለቀቀችው እሷ ራሷ፣ የምታለቅሰውም እሷ። ጋዜጣው ታጠፈ።

«የት ጋ ነው የሚቆመው?» አለ ዳርሲ።

«ፖስታ ቤቱ ጋ ነዋ። ሁልጊዜ የሚቆምበት።»

«አይ። በብርዱ ጊዜ አዛውረውታል። መንገዱን ሲቆፍሩ። አሁን ከማዶ ነው የሚነሳው።»

ሎርና በእጇ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። በብርዱ ወራት የሁለቱ ዳር ሰዓት አንድ ነው፤ ከማዶ ይነሳ ከወዲህ ይነሳ፣ ልዩነቱን ማንም ልብ አላለውም ነበር። ትኬቱ ሰባት ሰዓት ይላል። የማን ሰባት ሰዓት እንደሆነ ግን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንበሩ ላይ ሲኖሩ፣ ሦስቱም አልጠየቁም።

ሁሉም የብሮንዊንን እጅ አዩ። የሮስ ሰዓት ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«ሞቶም አላረፈ ይሄ ሰውዬ» አለች ሎርና፤ ሳቋና ዕንባዋ አብረው መጡ።

ዳርሲ ሻንጣውን አነሳ። ብሮንዊን ፀጉሯ እንደረጠበ፣ በነጠላ ጫማ፣ ትኬቱን ይዛ ከሎርና ጋር ከኋላው ተከተለች። ጎዳናው ላይ ፀሐይ አስፋልቱን እያቀለጠች ነበር። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ብሮንዊን ቆመች። አንድ እግሯ የሆነው ነገር ሁሉ ከሆነበት ወዲህ፣ ሌላው ገና ካልሆነበት ማዶ። ሰዓቱ ከክንዷ ወደ አንጓዋ ወረደ፤ አንድ ሰው ቀስ ብሎ የያዛት ያህል ነበር። አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋባት። ተሻገረች።

ከማዶው ፋርማሲ በላይ ያለው ትልቅ ሰዓትና የሮስ ሰዓት አንድ ዓይነት ይላሉ። ብሮንዊን ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን ያህል መንገድ የመጣችው ለዚህ ነው፤ አየሩ እንኳ የለዘበ መሰላት። ከሕንፃዎቹ በስተጀርባ የኩላንጋታ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ነጭ ሆኖ ወደ ሰሜን ይዘረጋል፤ መጨረሻው ጭጋግ ውስጥ ነው፤ በእግር ቢሄዱበት የማያልቅ ይመስላል። አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሯል።

ሹፌሩ አንገቱን አወጣ። «እናቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ፀሐይ እየሞቅሽ ነው?»

ዳርሲ ሻንጣውን ከአውቶቡሱ ሥር ሊያስገባ ሲያጎነብስ ብሮንዊን ትከሻውን ነካችው። እሱ እናንተ ጋ ይቆይ አለችው፤ ትመለሳለች፣ የቀረውን መንገድ ሌላ ጊዜ ትሄደዋለች። ከዚያ ወደ ሎርና ዞረች።

«ሰዓትሽን አውሺኝ።»

ሎርና ግር አላት። «የያዝሽውስ?»

«እሱ የባሕሩ ነው። ሕፃኑ የሚመጣው በሰው ሰዓት ነው።»

ሎርና ጠባብ የፕላስቲክ ሰዓቷን ፈታች። ጣቶቿ ሽሪምፕ ሽሪምፕ ይሸታሉ፤ በብሮንዊን ቀኝ እጅ ላይ አሰሩላት፣ ጠበቅ አድርገው። ዳርሲ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ነበር።

አውቶቡሱ ተነስቶ ታጠፈና ጎዳናውን ተሻገረ። አንዴ ከመተንፈስ የማይበልጥ ጊዜ ነው የፈጀው። የሎርና ጓሮ፣ ፖስታ ቤቱ፣ የወንዙ ድልድይ አለፉ። ከዛፎቹ መካከል ባሕሩ ብቅ እያለ በግራዋ አብሯት ሄደ፤ በእግሯ የመጣችበት አሸዋ ሁሉ ወደ ኋላ እየተጠቀለለ።

ስልኳ ነዘረ። ቴጋን ናት።

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ?»

ብሮንዊን ከልማዷ ግራ እጇን አነሳች። ሰዓቱ ወደ ክርኗ ተንሸራተተ። መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችውና ቀኟን አየች።

«ማታ አንድ ሰዓት ገደማ» አለች። «ከቻልሽ በሩ ላይ ጠብቂኝ። ካልቻልሽ ግን ግቢ የኔ ልጅ፤ እኔ ብቻዬን እገባለሁ።»