የሐዋ ትሪ

አው ጀይላን ቤት፣ እንግዳ ከሚቀመጥበት መደብ፣ ከነደባው፣ በላይ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሳህኖች መካከል አንድ ስስ የብረት ትሪ ነበረ። ሟች ሚስታቸው ሐዋ ምግብ ሲደርስ በማንኪያ ትመታው ነበር። ያን ድምፅ የሰማ ጎረቤት ሁሉ እጁን ታጥቦ ይመጣል።

ሐዋ በሞተች በዓመቱ፣ በ1996፣ ጎረቤታቸው ሙሜ ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮ ተከለ። ወፍጮው በተነሳ ቁጥር ትሪው «ዝዝዝ» ይላል። ሐሙስ ደግሞ የልጃቸው የናፊያ ኒካሕ ነው።

«አባ፣ ሸኹ ቁርኣን ሲቀሩ ይሄ ይጩህባቸው? ከኋላው ጨርቅ እንወትፍበት።»

«ወትፌ አየሁት። በማንኪያ ስመታውም ዝም አለ። እናትሽ ሳትጠራ የሠርግሽ ምሳ ሊበላ ነው?»

ናፊያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሐሙስ ወፍጮውን እንዲያቆም ሙሜን ቢለምኑት፣ «በአህያ ጭኖ የመጣውን ገበሬ ሙሽራ አለችብን ልበለው?» አላቸው።

አው ጀይላንን ሬዲዮ መጠገን ያስተማራቸው የተበላሸ ሬዲዮ ነው። ከአሮጌ የባትሪ ማንቂያ ሰዓቶች ሳንቲም የሚያህሉ፣ ደወሉን የሚያሰሙ ሁለት ስስ የናስ ክቦች ፈለቀቁ። እነዚህ ሲንቀጠቀጡ ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ይንቀጠቀጣሉ። ሁለቱንም ከትሪው ጀርባ ለጠፏቸው። አንዱ የትሪውን መንቀጥቀጥ ያዳምጣል፣ የሬዲዮ ማጉያው ያጎላዋል፣ ሌላው ትሪውን በተቃራኒው እየገፋ ያረጋዋል።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ማብሪያውን ተጫኑ። ትሪው ማንም ሳይነካው አምባረቀ! ሽቦው ተገልብጦ ኖሯል፤ ሊይዘው የተለጠፈው ጭራሽ ከመንቀጥቀጡ ጋር አብሮ ይገፋው ጀመር። እስኪያጠፉት ድረስ ሰባት ጎረቤት፣ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ፣ በር ላይ ቆሟል።

«የሐዋ ጥሪ ነው ብዬ እኮ ሮጥኩ!» አለች ከመካከላቸው ኸዲጃ። «ምን ተሠራ?»

«ሽቦ!» አለች ናፊያ፣ በሳቅ እየተንፈራፈረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አው ጀይላን ይሄን ሳቅ ሰምተውት አያውቁም። ጎረቤቶቹም ያለውን ቀማምሰው ሄዱ።

አው ጀይላን ሽቦዎቹን አቀያየሩ። ሐሙስ ወፍጮው እያጓራ ሸኹ አነበቡ፤ ትሪው ጭጭ አለ። ኒካሑ እንደታሰረ ማብሪያውን አጠፉና ማንኪያዋን ለናፊያ ሰጧት።

መታችው። ቤቱ ሁሉ በትሪው ድምፅ ጮኸ።

ወፍጮው ቀጥ አለ። ሙሜ እስከ ክርኑ ዱቄት ሆኖ በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ከኋላው ገበሬዎቹ።

«ደረሰ እንዴ?»

«እጃችሁን ታጠቡና ግቡ» አሉ አው ጀይላን።