ነገ ይመለሱ

«ጋሽ ይመለሱ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም። ከንግድ ፈቃድ ቢሮው ጥበቃ እስከ ባለጉዳዩ ድረስ ሁሉም በዚሁ ስም ያማቸዋል፤ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያች ክፍል ሲቀመጡ፣ በአንድ ቀን ጉዳዩን ጨርሶ የወጣ ሰው አልታየም። ወይ ፎቶው ያረጀ ነው፣ ወይ ኮፒው ደብዝዟል፣ ወይ ፊርማው ከመስመሩ ወጥቷል፤ ብቻ አንድ ነገር አይጠፋም። «ነገ ይመለሱ» ይሉና፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ለመሆኑ ቤተሰብ እንዴት ነው?» ብለው ወግ ይጀምራሉ።

ጉቦ ፈልገው ነው የሚል ካለ ኃጢአት ይሆንበታል። ሰውዬው ከማንም ሰባራ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። የሚፈልጉት ሰው ነበር። ድሮም ወግ ይወዳሉ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ባሰባቸው። ቤት ውስጥ ከሬዲዮው በቀር የሚያናግራቸው የለም። ባለጉዳይ ግን ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ልጁ፣ ስለ አከራዩ፣ ስለ ወገቡ ሕመም ያወራል። እንዲህ ያለውን እንግዳ ማን በአንድ ቀን ይሸኛል?

ከዚያ ማሻሻያው መጣ። መንግሥት ውድድር ይስፋ፣ ምርታማነት ይደግ፣ ሥራ የሚጀምር ሰው ደጅ አይጥና አለና ፈቃዱን በስልክ አደረገው። ሰው ቅጹን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሞላል፤ በማግስቱ ፈቃዱ ይደርሰዋል። ሰልፍ ይሞላው የነበረው ኮሪደር ጭር አለ። አግዳሚ ወንበሮቹ እንኳ ወደ ሌላ ፎቅ ተወሰዱ። ጋሽ ይመለሱ ጡረታቸው እስኪደርስ ባሉበት ይቆዩ ተባለና ከማኅተማቸው ጋር ተፋጠጡ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር «ይግቡ! ይግቡ!» ይላሉ፤ የምትገባው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ እሷም ሁልጊዜ ትቸኩላለች።

በሦስተኛው ሳምንት አላስቻላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከስተው የሰፋቸውን ሱሪ በፌስታል ይዘው ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄዱ። ከባለጉዳዮቻቸው ሁሉ እሷን ይወዷት ነበር። ስምንት ጊዜ አመላልሰዋታል። የእናቷን ሕመም ከነመድኃኒቱ ስም ያውቃሉ። ወዳጅ አለዎት ወይ ቢባሉ የሚጠሩት እሷን ነው። ዛሬ የፈለጉት ደግሞ ቀላል ነገር ነው፤ ሱሪውን ተቀብላ «ነገ ይመለሱ» እንድትላቸው። ነገ ይመለሳሉ። ምናልባት ልክ አይመጣም፤ ማክሰኞም ይመለሳሉ።

ልብስ ሰፊዋ ስታያቸው ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች።

«ውይ ጋሼ! ምነው፣ ፈቃዱ ላይ ችግር ተገኘ እንዴ?» ብላ ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን ፈቃድ ለማውረድ ተንጠራራች።

«ኧረ ተቀመጪ ልጄ! ሱሪ ላስጠብብ ነው የመጣሁት።»

እፎይ አለች። ወገባቸውን በሜትር ለካች፤ ሱሪው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች።

«ችኮላ የለብኝም» አሉ ጋሽ ይመለሱ። «ነገም ብመለስ…»

«ምን ሲደረግ! አረፍ ይበሉ፣ አሁኑኑ ይደርሳል። በዚህ ሦስት ሳምንት ብቻ እዚህ መንገድ ላይ አራት ልብስ ሰፊ ቤት ተከፍቷል፤ ሁሉም ፈቃዳቸውን በስልክ ያወጡ ናቸው። ነገ ና ያልኩት ደንበኛ ማዶ ይሻገርብኛል።»

የስፌት መኪናው መንኳኳት ጀመረ። ጋሽ ይመለሱ በርጩማው ላይ ተቀመጡና የለመዱትን ጠየቁ።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?»

መኪናው ቆመ።

«አረፈች እኮ ጋሼ። ያን የመጨረሻውን ቀን። ፈቃዱን በእጅዎ ይዘው ስለ እሷ ይጠይቁኝ ነበር። ስልኬ ሁለቴ ጠራ፤ ከቤት ነበር። ባነሳው ቅር ብሎዎት ነገ ይመለሱ ይሉኛል ብዬ ዘጋሁት።»

ያን ቀን ያስታውሱታል። ለእሳቸው ጥሩ ቀን ነበር። ፈቃዱን ፈርመው ጨርሰው ነበር፤ እንዳትሄድባቸው ብለው ግማሽ ሰዓት ያህል በእጃቸው ይዘው አዋሯት።

«ገንዘብ በፖስታ ሳመጣልዎት መለሱልኝ» አለች፤ ድምጿ ላይ ቁጣ የለም። «ታዲያ ምን ፈልገው ነበር?»

«ምንም፣ ልጄ። ቤት ሰው የለኝም። ስትመጪልኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ልትሰድባቸው ትችል ነበር፤ አልሰደበቻቸውም። የቀረውን ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጠሰች፣ ሱሪውን አጣጥፋ ፌስታላቸው ውስጥ ከተተች።

«ልክ ባይሆን… ልመለስ?» አሉ።

«ልክ ነው፤ ሁለቴ ለክቼዋለሁ። መመለስ አያስፈልግዎትም።»

ቤታቸው ገብተው ሱሪውን ለበሱት። ልክክ አለ። አውልቀው ወገቡን ገለበጡና፣ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ስፌቱን እንደ ባለጉዳይ ወረቀት አንድ በአንድ መረመሩት። የጎደለ ነገር አጡበት።