ሜሞሪ አለህ?

በእጃችን ያለው ገንዘብ ለኮምፒውተራችን አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ የትኛውን እንግዛ? ታናሽ እህቴ ይህን ስትጠይቀኝ፣ ባሕር ማዶ አምስት ዓመት ስለ ኮምፒውተር የተማርኩት ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ተተራመሰ እንጂ መልስ አልሆነኝም።

ኮምፒውተሩ እኔ ከመሄዴ በፊት የተገዛ ነው። ጨዋታ ይከፍታል። ጠላት በበር ሲገባ ግን ስክሪኑ ድርቅ ይላል፤ ሲነቃ እህቴ በጨዋታው ውስጥ ሞታለች። ካፒቴን የሚሉት የጨዋታ ቡድኗ አለቃ ቁርጡን ነግሯታል፤ እስከ ዓርብ አዲስ ኮምፒውተር ካልገዛች የውድድር ቦታዋን ለሌላ ይሰጣል።

«አልገዛም። ይኼ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«አርጅቷላ።»

«አንተም አርጅተሃል። ጣልንህ?»

ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ይቀየር አልኩ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። እሷ የእያንዳንዱን ክፍል ጫና የሚያሳዩትን ቁጥሮች ስትከታተል ከርማለች። «ካርዱማ ግማሽ ጉልበቱን እንኳ አልተጠቀመም። ሞልቶ የሚፈሰው ይኼ ነው» ብላ የጎን ክዳኑን ፈታችና በጣቷ አሳየችኝ። ለሜሞሪ ሁለት መሰኪያ አለ፤ አንዱ ባዶ ነው። እሷ በቀለም ብሩሽ አቧራውን ልትጠርግ ቀረች፤ እኔ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

«ሜሞሪ አለህ? ስምንት ጊጋ።»

«ተራውን ነው ፈጣኑን?» አለ ሻጩ።

«ፈጣኑን!» አልኩ ኮራ ብዬ። በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ።

እህቴ ፌስታሉን ፈታ እሽጉን አየች፤ እኔን አየች፤ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። በፕላስቲኩ ውስጥ ጥፍር የምታክል ካርድ ትታያለች።

«ወንድሜ፣ ይኼ የስልክ ነው! ሜሞሪ ካልከው የስልክ ነዋ የሚሰጥህ። የኮምፒውተሩ ራም ነው የሚባለው።»

«እኛ ስንማር እኮ ሜሞሪ...»

«የተማርክበት ሱቅ ሂዳ!»

ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። የተረፈው ገንዘብ ለራም አይበቃም። ይቅር፣ ሌላ ጊዜ ይሁን ልል አፌን ስከፍት፣ እሷ የድሮውን ራም ነቅላ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር።

ሱቁ ደርሰን ካርዱን ቀይርልኝ ስትለው፣ ሻጩ በጣቱ ግድግዳውን አሳያት። «እህቴ፣ ማስታወቂያውን አንብቢ።»

«አንብቤዋለሁ። አይመለስም ነው የሚለው፤ አይቀየርም አይልም።»

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ራሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «የዚህን መንታ ስጠኝ።»

«ይኼማ የድሮ ነው። ምን አለፋሽ፣ አዲስ ኮምፒውተር ልሽጥልሽ።»

«ምክር ልገዛ አልመጣሁም።»

«ሰው እየጠበቀ ነው፤ ዞር በይ እንጂ!»

«መንታውን ስትሰጠኝ።»

ሻጩ እያጉረመረመ ካርዱን ተቀበለና ከተፈታቱ ኮምፒውተሮች ሣጥን ውስጥ አንድ ራም ፈልጎ አወጣ። «ያገለገለ ነው። ባይሠራ የለሁበትም።»

«ባይሠራ ደጅህ ላይ ነው የማድረው።»

ወደ እኔ ዞረ። «አደራ ወንድሜ፣ እንዲሠራ ጸልይልኝ።»

ቤት ገብተን ሁለቱንም ራሞች ቀጭ እስኪሉ ተጭና አስገባቻቸው። ጨዋታው ተከፈተ። ጠላት በበር ገባ። አሁን ይደርቃል፣ አሁን ይደርቃል ስል አልደረቀም። ጣለችው። ሌላው መጣ፤ እሱንም ጣለችው። በቪዲዮ ቀድታ ለካፒቴን ላከችለት።

ወዲያው መለሰ፦ «ጎበዝ። ቦታሽን ግን ሰጥተናል። አዲስ ስትገዢ አናግሪኝ።»

ገና ረቡዕ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ «ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት...» ብዬ ጀመርኩ። አልሰማችኝም። የውድድሩን ገጽ ከፍታ፣ ቡድን ለሌላቸው በተዘጋጀው በነጠላ ምድብ ስሟን አስገባች። ከዚያ ጻፈችለት፦

«ዓርብ ነበር ያልከው። በነጠላ ተመዝግቤያለሁ፤ በዚሁ በአሮጌው። እንገናኛለን።»

ወዲያው አነበበው። እሷ ግን ጨዋታውን እንደገና ከፍታ ነበር።