«ጠባይዎን ለውጠዋል?»

«ጠባዬ ደግሞ ምን ተገኘበት?» አሉ እማማ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው። «ሰባ አራት ዓመት ስኖር ጎረቤት አስቀይሜ አላውቅም። አልለወጥኩም፤ ወደፊትም አልለውጥም። ጻፊው።»

ዶክተሯ ጻፈች። ከጎኗ የተቀመጠው ተቆጣጣሪም በራሱ ደብተር ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ሾፌሩ በሩን ተደግፎ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። የሆዱን በሆዱ ይዞ ነው እንጂ ጩኽ ጩኽ ብሎታል።

ጥናቱ ከተጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለት መቶ አርባ አረጋውያን ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በሳምንት አራት ቀን ከነርስ ጋር በቡድን ይራመዳሉ፤ ግማሾቹ እንደ ወትሯቸው ይኖራሉ። አኗኗርን መለወጥ እርጅናን ያቀልል እንደሆነ በዚያ ይመዘናል። ገንዘቡን የሚሰጠው ድርጅት ለሦስት ዓመት ይጨምር ወይስ ይዝጋ፣ አይቶ እንዲወስን ይህን ተቆጣጣሪ ልኳል። እሱም ወረቀቱን ቢያገላብጥ፣ ከሚራመዱት መቶ ሃያ ሰዎች መቶ አራቱ «ባለፉት ስድስት ወራት ጠባይዎን ለውጠዋል?» ተብለው «አልለወጥኩም» ብለዋል። በራሱ ጆሮ ሊሰማ ፈለገና ዓይኑን ጨፍኖ ከመዝገቡ አንድ ስም አወጣ። የወጣው የጡረተኛዋ ልብስ ሰፊ የእማማ ስም ነው።

«እማማ፣ እስቲ በደንብ ያስቡበት» አለች ዶክተሯ። ልመና ልመና የሚል ድምፅ ነበር። «ምንም የለወጡት ነገር የለም?»

«ልጄ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና አርባ ዓመት በዚሁ ጠባዬ አብሮኝ ኖሯል፤ አንድ ቀን አልከፋውም። አንቺ ከየት መጥተሽ ነው ዛሬ የምታርሚኝ?»

ተቆጣጣሪው ደብተሩን ዘጋ። «ሰው ካልተለወጠ ገንዘቡ ምን ሠራ?» አለ፣ ግድግዳውን የሚጠይቅ ይመስል። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «መኪናውን አስነሣ፣ ወንድሜ።»

ሾፌሩ የደም ግፊት መለኪያውን ሻንጣ አንሥቶ ወጣ። ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለም፤ ይህቺን ቃል ግን ገና ከጅምሩ ነው የጠረጠራት። ማክሰኞ ቀን ነበር። ዝናብ እየዘነበ ዶክተሯ አዲሱን መጠይቅ መኪና ውስጥ ለባልደረቦቿ ስታነብ፣ «ጠባይ ካላችኋቸው ይቀየማሉ፤ ልማድ በሉት» ብሎ ነበር። «ሾፌራችን ደግሞ የቋንቋ ሊቅ ሆነልን» አለች በልጁ ዕድሜ ያለችው ዶክተር። «አንተ መንገድህን እይ።» የኋላ ወንበር ሁሉ ሳቀ። እሱም መንገዱን አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱን እያየ ያቺን ሳቅ ሲያመነዥክ ኖረ።

«ይበላት» አለ አሁን በልቡ። «የተማረ ይግደለኝ የሚሉ ሁሉ መጥተው ይዩ።»

ሻንጣውን ሊያስገባ የመኪናውን ኋላ ሲከፍት ግን በርጩማዋ ታየችው። ወደ መራመጃው ሜዳ የሚወስዳቸው አረጋውያን መኪና ላይ መውጣት ሲያቅታቸው ከቤቱ በተረፈ ጣውላ ራሱ የሠራት መርገጫ ናት። እማማን በዚያ ሰሞን እሷ ላይ አቁሞ፣ በብብታቸው ይዞ፣ እንደ ጆንያ ነበር የሚጭናቸው። አሁን ትርፍ ጎማ ተጭኗት አቧራ ለብሳለች። ስምንት ወር የነካት የለም። ይባስ ብሎ ደሙ ፈላ። ማስረጃው እዚህ ጎማ ሥር ተቀምጦ እነሱ እዚያ ወረቀት ያገላብጣሉ።

በርጩማዋን አንጠልጥሎ ተመለሰና እማማ እግር ሥር አስቀመጣት።

«ይቺን ያውቋታል?»

«አንሣልኝ ከፊቴ፣ አንተ ቀልደኛ። እሷን የረገጥኩት በድሮ ጉልበቴ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ዘልዬ ነው የምገባው። በሩን በኃይል ዘጉት እያልክ በየቀኑ የምትጨቀጭቀኝ ማን ሆነና?»

«እሺ፣ ጠባይዎን እንተወውና ልማድዎስ፣ እማማ? ከድሮው የተዉት፣ የጨመሩት የለም?»

«ልማዴማ ድራሹ ጠፍቷል። ስፌት መኪና ላይ ተጎልቼ የምውል ሴትዮ፣ ይኸው ጎህ ሲቀድ የጎረቤት በር እያንኳኳሁ ተነሡ እንራመድ እላለሁ። ስኳር ትቻለሁ። ጫማዬን ሁለቴ ሶል አስቀይሬያለሁ።» ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «ታዲያ ይሄ ጠባይ ይባላል እንዴ?»

ተቆጣጣሪው ደብተሩን መልሶ ከፈተ፤ ሁለት ገጽ ሞላ። «ሁሉንም፣ የማይራመዱትንም ጭምር፣ በዚች ቃል እንደገና ጠይቋቸው» አለ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ። የምወስነው ከዚያ በኋላ ነው።» ሾፌሩን አየው። «አንተስ፣ ይህን እያወቅክ ለምን ቀድመህ አልነገርካቸውም?»

ዶክተሯ አንገቷን ደፋች። ሾፌሩ የዚህን ጥያቄ መልስ ሁለት ዓመት ሲስለው ነው የኖረው፤ ቀኑን፣ ዝናቡን፣ ማን ማን እንደ ሳቀ ሳይቀር።

«እኔ ሾፌር ነኝ» አለ።

ተቆጣጣሪው እማማን ሲሰናበት ሾፌሩ በርጩማዋን ይዞ ወጣ፤ ዶክተሯም ተከትላው መኪናው ጋ ደረሰችበት።

«ለምን ዝም አልክልኝ?»

«ለእርስዎ ብዬ መሰለዎት? ቢዘጋ ማንን ልነዳ ነው?» በርጩማዋን ከጎማው ሥር መልሶ ወሸቃት። «ደግሞ እርስዎ ቢባረሩ ወንበሩን ለእኔ አይሰጡኝ።»

ዶክተሯ ከፋይሏ አንድ ባዶ መጠይቅ አወጣችና ከእስክሪብቶዋ ጋር ዘረጋችለት።

«እርስዎ ያርሙት» አለች።

አንቱታው አልጣመውም፤ ሁለት ዓመት የዘገየ ነገር ምን ይጥማል። ቢሆንም ወረቀቱን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ «ጠባይዎን» የሚለውን ሰረዘ፤ ከላዩ በስድስተኛ ክፍል የእጅ ጽሕፈቱ፣ ፊደሉን እያገዘፈ «ልማድዎን» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን መለሰላት። እስክሪብቶውን ግን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ መሪው ኋላ ተቀመጠ።