የአማት በር

የመጨረሻው ጡብ ተፈንቅሎ ወደ ጓሮ ሲወድቅ፣ በተከፈተው ቀዳዳ ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑ ጋር ደግሞ የናሊያካ ፊት። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ጭና ባሏን ታየዋለች።

«በር ይመስላል?» አላት ሲሚዩ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

«ማታቱ የሚባለውን ሚኒባስ ከነተሳፋሪው ያስገባል።»

ሲሚዩ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠረው። ሸሚዙን አውልቆ፣ ፀጉሩ በጡብ ብናኝ ቀልቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

ሲሚዩ ፀጉር አስተካካይ ነው። መቀስ ከያዘ በኤልዶሬት ከተማ ገበያ የሚወዳደረው የለም፤ ጣጣው የሚጀምረው መቀሱን ሲያስቀምጥ ነው። የውሃውን ቧንቧ የጠገነ ቀን የጎረቤቱ አምፖል ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ ይባላል። ጣሪያውን ከደፈነው ወዲህማ፣ ዝናቡ ውጭ ካባራ በኋላ ቤት ውስጥ እስከ ምሳ ሰዓት ይቀጥላል። አንድ ጊዜ መደርደሪያ ሰቅሎ ነበር። መደርደሪያው እስከ ዛሬ አለ፤ የወደቀው ፊት ለፊቱ የነበረው ቁም ሣጥን ነው። እንዴት እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው አልተገኘም።

የዛሬው ግን ቀልድ አልነበረም። የናሊያካ እናት ማማ ዶሪካ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም በየቀኑ እየታዩ ከተማ መሰንበት አለባቸው። ባለፈው ቀጠሮ ማደሪያ የለኝም ብለው ቀርተው፣ ሐኪሙ ዳግመኛ ከቀሩ አንደኛው ዓይን እንደማይተርፍ ነግሯቸዋል። ማደሪያማ ነበር። ግን በጎሣቸው በቡኩሱ ወግ አማት በአማቿ ጣሪያ ሥር አታድርም። እጁን አትጨብጥም፣ ፊት ለፊቱ አትበላም፤ መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንዳቸው በቆሎ ማሳ ውስጥ ይገባሉ። ሆቴል የሚባለውን ደግሞ ማማ ዶሪካ የሌባ ጎሬ ነው ብለው ደምድመዋል።

መላው የተገኘው ከሲሚዩ ነው። የጓዳውን ክፍል ከቤቱ የሚያገናኘው በር በጡብ ይደፈን፤ በጓሮ በኩል ሌላ በር ይከፈት፤ ያኔ ሌላ ቤት ሆነ ማለት ነው። ማማ ዶሪካ በስልክ ነገሩን አዳምጠው፣ በሩ የራሴ ከሆነ እመጣለሁ አሉ። ናሊያካ ግንበኛው ባራሳ ይጠራ ብላ ለመነች። ሲሚዩ ቀዳዳ ለመብሳት ግንበኛ የሚጠራ ሰው ሰምቶ እንደማያውቅ፣ አይጥም ቢሆን ማንም ሳያስተምራት እንደምትበሳ ነገራት።

አይጥ ግን በር የምታህል ቀዳዳ አትበሳም። ሲሚዩ የቤት ውስጡን በር ትናንት ደፍኖታል፤ ዛሬ መዶሻውን ይዞ የገባው በመስኮት ነበር። አሁን ከቀዳዳው በላይ ያለው ግድግዳ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ። ከላይ የሚሸከመው ጉበን አልገባለትም፤ በሲሚዩ አሳብ ጡብ ከጡብ ጋር ተዋዶ ይኖራል። አንድ ጡብ ወረደ፣ ሌላው ተከተለ፤ ጣሪያው ተንቋቋ። ሲሚዩ ዘሎ ቀዳዳው ሥር ገባና ትከሻውን ደገፈበት።

«እንዳትንቀሳቀስ!» አለች ናሊያካ።

«ወዴት ልሂድ?»

ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታስተካክል ባራሳን ፍለጋ ሮጠች።

ሲሚዩ ብቻውን ቀረ። ግድግዳው ከነጣሪያው፣ ከነአማቱ ዓይን ትከሻው ላይ ተቀምጧል። ቢለቀው ክፍሉ ይፈርሳል፤ ክፍሉ ከፈረሰ እናት ይመለሳሉ፤ ከተመለሱ ዓይን የለም። ብዙም ሳይቆይ የጓሮው አጥር በር ተንኳኳ። አንድ የሞተር ሳይክል ነጂ አንዲት አሮጊት ደግፎ አስገባና፣ ጥቅላቸውን አጠገባቸው አኑሮ ሄደ። ማማ ዶሪካ ከተባለው ሰዓት ቀድመው መጥተዋል።

አማት የአማቿን ራቁት ደረት ከምታይ መብረቅ ቢመታት ይሻላታል። የሲሚዩ ሸሚዝ ከኋላው ወለል ላይ ነው፤ እጆቹ ግድግዳ ይዘዋል።

«ማነው እዚያ የቆመው?» አሉ ማማ ዶሪካ፣ በጉም ውስጥ እንደሚያይ ሰው አንገታቸውን አስግገው።

የጡብ ቁራጭ አናቱን መታው።

«ግንበኛው ነኝ፣ እማማ።»

ማማ ዶሪካ ባሉበት ቆሙ። ይህን ድምፅ ከሠርጉ ጀምሮ ከግድግዳ ማዶና በልጃቸው ስልክ ውስጥ ሲሰሙት ኖረዋል። ቀስ ብለው ዞሩና፣ ፊታቸውን ወደ ዶሮ ቤቱ አድርገው ጥቅላቸው ላይ ተቀመጡ። ለግንበኛ እንዲህ ጀርባውን የሚሰጥ ሰው የለም። ከትከሻቸው ላይ ካንጋ የሚሉትን ባለ አበባ ጨርቅ ፈትተው ሳይዞሩ ወደ ኋላ ወረወሩት። በሲሚዩ ራስ ላይ አረፈ።

«ልበሰው። ላብ ሲበርድ ይጎዳል።»

በጥርሱ እየጎተተ ደረቱ ላይ አወረደው።

«እና ግንበኛ፣ የልጄ ባል እንዲህ ያለ ሥራ ይችላል?»

«አይችልም፣ እማማ።»

«ጠርጥሬ ነበር። ታዲያ አንተን ቀደም ብሎ ምነው አልጠራህ?»

ሲሚዩ ለናሊያካ የነገራትን የአይጥ ወሬ አልደገመውም።

«በገዛ እጁ ሊሠራልዎት ፈልጎ ነው።»

ማማ ዶሪካ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለአንተ ልንገርህ፤ ለልጄ እንዳታወራ፣ ለባሏም። በሩ ሰበብ ነው። ዓይኔ ውስጥ ስለት ሊያስገቡ ነው። ስመጣ በመንገዱ ሁሉ፣ ምነው ያ ግድግዳ ተንዶ በዚያው ሞተር በተመለስኩ እል ነበር።»

ሲሚዩ ጉልበቱን አጠነከረ።

«የዚህ ቤት ሰውዬ በመዶሻ ከንቱ ነው፤ ምላጭ ግን ያውቃል» አለ። «ፂሙን ሊላጭ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጉሮሮው ላይ ምላጭ ሲያይ ይደነግጣል። የሚፈራው ግን እስኪነካው ነው። ከነካው በኋላ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል።»

«እንዲህ ይላል?»

«እንዲህ ይላል።»

«ከመዶሻው ምላጩን ቢይዝ ይሻለዋል» አሉና፣ ሲሚዩ ባያያቸውም ፈገግ እንዳሉ ከድምፃቸው ታወቀው። ከሚስቱ እናት ጋር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውራቱ ነበር።

ባራሳ ናሊያካን አስከትሎ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክሞ ደረሰ፤ ሳቁ ከእንጨቱ ቀድሞ ገባ።

«ወንድሜ፣ ምሰሶነት ተቀጠርክ? ደሞዙ እንዴት ነው?»

እየሳቀም ቢሆን ባላዎቹን አንድ በአንድ እየሸጎጠ ግድግዳውን ተቀበለው። ሲሚዩ ካንጋውን እንደተከናነበ በአራት እግሩ ወጥቶ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተደበቀ። ባራሳ ቀዳዳውን ከላይ እስከ ታች አየና ጉበን እንደሚገባለት፣ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ግን እዚያ ክፍል ድመትም እንደማታድር ተናገረ። ሳምንት ይፈጃል።

ማማ ዶሪካ ተነሥተው ጥቅላቸውን አነሡ። ሞተር ጥሪልኝ አሉ። ናሊያካ የእናቷን ክንድ ይዛ ማልቀስ ጀመረች፤ ነገ ጠዋት እኮ ነው፣ ሌላ ቀጠሮ አይሰጡሽም ብትላቸውም የሚሰሟት አልሆኑም።

ሲሚዩ ከበርሜሉ ጀርባ ግድግዳውን አየ። ሌላ መላ፣ ሌላ ጡብ፣ ሌላ ቀዳዳ ለጊዜው አእምሮው ውስጥ ተንጫጩ። ሁሉንም ተዋቸው።

«ናሊያካ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለእናትሽ ንገሪያቸው። የእኔ ጣሪያ የሚባለው እኔ ሳድርበት ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ የማድረው ፀጉር ቤቴ ነው። ዓይናቸው እስኪድን ይህ የአንቺ ቤት ነው፤ በልጃቸው ቤት ይደሩ።»

ናሊያካ አፏን ከፈተች፤ «ምነው ይህን ትናንት ባሰብከው» ልትለው እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል። ዋጠችው።

ማማ ዶሪካ አሁንም ጀርባቸውን እንደሰጡ ነበር።

«ያ ወንበር ለማደሪያ ይሆናል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

«ደንበኞቼ ያንኮራፉበታል በያቸው» አለ ሲሚዩ።

ጥቅሉ ወደ መሬት ተመለሰ።

ናሊያካ ብርድ ልብስ አጣጥፋ አመጣችለት። በብብቱ ሸጉጦ ወደ ውጭው በር ሲያመራ መሰላል ላይ የወጣው ባራሳ ጮክ ብሎ፣ ጉበኑ ሲደርቅ መዝጊያ እንደሚያስፈልገው፣ በገዛ እጁ እንዲሠራው እንጨቱን ዛሬ ያምጣለት እንደሆነ ጠየቀው። ናሊያካም እናቷም መልሱን ይጠብቃሉ።

ሲሚዩ በሩ ላይ ቆመ፤ ግድግዳው ሥር የተጋደመውን መዶሻ አንድ ጊዜ አየው።

«አናጺ ጥራ» አለና ወጣ።