ካርድ ፋቂው አማቻችን

የእህቴ ባል ፕዮ ዎን-ሆ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲመረምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር የሚመረምረው ሊፍት ቢያጣ ቤቱን መመርመር ጀመረ። የማቀዝቀዣው በር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ይቆጥራል። እህቴ ኦክ-ጂን ሩዝ ስታጥብ ከኋላዋ ቆሞ ስንት ውሃ እንደምታፈስ ያያል። አንድ ቀን ደውላ፣ "ዶ-ሶክ፣ ወይ ለዚህ ሰውዬ ሥራ ፈልግለት፣ ወይ እኔን የሆነ ቦታ ደብቀኝ" አለችኝ።

ሥራውን ያገኘው ፀጉር ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የስጦታ ካርዱን ነገር ነገረው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰው ለሰው በልደትና በበዓል የሚሰጠው የስጦታ ካርድ ኢንተርኔት ላይ ከመቶ ሦስት ቀንሶ ይሸጣል። ካርዱን ትገዛለህ፣ ብርማውን ልባስ ትፍቃለህ፣ ከሥሩ ያለውን አሥራ ስምንት ቁጥር ስልክህ ላይ ላለው የክፍያ አገልግሎት ታስገባለህ። ካርዱ እዚያ ገንዘብ ይሆናል። በዚያ ገንዘብ የአፓርታማውን ወርሃዊ ክፍያ፣ ጋዙን፣ መብራቱን፣ ውሃውን ትከፍላለህ። ያቺ ሦስት ከመቶ ኪስህ ቀረች ማለት ነው።

ዎን-ሆ ይህን ሲሰማ ፀጉሩን ሳይቆረጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በሳምንቱ አንያንግ ቤታቸው ብሄድ፣ የምግብ ጠረጴዛው በብርማ ብናኝ ተሸፍኗል። እህቴ ሾርባውን የምታስቀምጥበት አጥታ ድስት ይዛ ቆማለች።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ጋዝ ነው" አለ ቀና ሳይል። ወደ ግራው ያለውን ክምር ካርዱን በሚፍቅበት ሳንቲም ጠቆመኝ። "ያ ደግሞ ውሃ። አትንካው፣ መብራቱ ጋ ይቀላቀልብኛል።"

"ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነው!" አለች እህቴ።

"ብናኙ ይርገፍ። ካነጠስሽ የአንድ ወር ሥራ ነው የሚበተነው።"

ችግሩ አገልግሎቱ ገደብ ያለው መሆኑ ነበር። አንድ ሰው በአንድ ስልክ፣ በወር ከሁለት መቶ ሺህ የኮሪያ ዎን በላይ ካርድ ማስገባት አይችልም። ዎን-ሆ የራሱን ገደብ በአንድ ጠዋት ጨረሰ። የእህቴን ከሰዓት በኋላ ጨረሰ። ቡሳን ያለችው ልጃቸው ሀ-ሪም፣ "አባዬ፣ ኩላሊቴን ብትጠይቀኝ እሰጥሃለሁ፣ ስልኬን ግን ተወኝ" አለችው። እኔንም ለመነኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁበት፤ አልነበርኩም።

የቀረችው እናታችን ናት። እማዬ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሆንግሶንግ ገጠር ብቻዋን ትኖራለች። ስልክ አላት፣ የምትሠራበት ግን ድምፃችንን ለመስማት ብቻ ነው። ካርድ ሲገባ አገልግሎቱ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው እሷው ስልክ ላይ ስለሆነና እሷም ያለ መነጽር ስለማታነብ፣ ዎን-ሆ እዚያው ድረስ መሄድ ነበረበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአዲስ ዓመትና በቹሶክ የመኸር በዓል ብቻ እየሄደ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ሰዓቱን ሲያይ የኖረ አማች፣ ወሩ በገባ በሃያ አምስት ባቡር ተሳፍሮ ከች አለ። በሚቀጥለውም ወር። በሚቀጥለውም።

"እማማ፣ ስልክዎን እስቲ ልየው፣ ደህና መሥራቱን ላጣራ" ይላታል። ከዚያ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ይቀመጣል። ሃያ ካርድ ፍቆ ማስገባት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቁጥር ሲሳሳት አገልግሎቱ ለአሥር ደቂቃ ይዘጋበታል፤ ያን ጊዜ ሥራ መፍታት ስለማይችል የተደፈነውን ቦይ ይጠርጋል፣ የላላውን የበር ማጠፊያ ያጠብቃል። እማዬ ደግሞ ምግብ ትሠራለች። ሲመለስ አንድ ማሰሮ ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ የተብላላ ጎመን፣ የደረቀ ዓሣ፣ ከጓሮ የተለቀመ ጎመን አሸክማ ትሸኘዋለች።

በመንደሩ የአረጋውያን ክበብ ውስጥ ስለ ዎን-ሆ ያልሰማ የለም። እማዬ እኔ ጋ ስትደውል፣ "የወለድኩት አንተን ነው ወይስ እሱን? አንዳንዴ ይምታታብኛል" ትለኛለች። እህቴ አለቀሰች። "ሰው በስተርጅና ይለወጣል፣ ያልኩህን ሁሉ ርሳው" አለችኝና የክረምት ካፖርት ገዛችለት። እውነቱን ለመናገር እኔ ቀናሁ።

በአምስተኛው ወር አንድ ፖሊስ ወደ ክበቡ መጥቶ አረጋውያኑን ስለ ስልክ ሌቦች አስተማረ። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፎ ሄደ፦ ሌባው ዘመድ መስሎ ይቀርባል፤ ስልክዎን ይቀበላል፤ የስጦታ ካርድ ቁጥር ይዞ ካዩት ወዲያው ይደውሉልን። የእማዬ ጎረቤት ጆም-ሱን ወረቀቱን ሦስቴ አነበበችው። በሃያ አምስት ጠዋት ጎመን ልትዋስ ብትመጣ፣ በአጥሩ ላይ ዎን-ሆን አየችው፦ የእማዬን ስልክ በግራ እጁ፣ ሳንቲም በቀኝ እጁ፣ ካርድ ጭኑ ላይ። ጎመኑን ትታ ደወለች።

ያስተማረው ፖሊስ ራሱ ነበር የመጣው፤ ብዩን ይባላል። ከዚህ በኋላ ያለውን ዎን-ሆ ራሱ የሩዝ ጠላ እየጠጣን ነው የነገረኝ፤ የተወውን እማዬ ሞላችልኝ።

"ስልኩ የማን ነው?" አለ ብዩን።

"የእማማ ነው።"

"ካርዱስ?"

"የኔ።"

"ታዲያ የእርስዎ ካርድ በእሳቸው ስልክ ውስጥ ምን ይሠራል?"

እማዬ ማማሰያዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጣች። ነገሩን ስትሰማ ማማሰያውን ፖሊሱ ላይ ቀሰረችው።

"ሌባ? ይሄ? ይሄ ሰውዬ አማቼ ነው! በየወሩ ሁለት ሰዓት ባቡር ላይ ተቀምጦ ሊያየኝ የሚመጣ ነው! ሌባ ከፈለግክ ሂድና ልጄን ያዘው፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ ብቅ የሚለውን!"

"እማማ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት" አለ ብዩን ለስለስ ብሎ። "ባለፈው ወር አንዲት ሴትዮ ሌባውን ምሳ አብልተው ነው የሸኙት።" ወደ ዎን-ሆ ዞረ። "ካርዱ ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ። አለዚያ ጣቢያ ሄደን እንነጋገራለን።"

ዎን-ሆ ጣቢያ መሄዱን መርጦ ነበር፤ ይህን ምሎ ነግሮኛል። ነገር ግን ጆም-ሱን አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ "ያዘው፣ ያዘው! ጫማውን እያየ ነው፣ ሊሮጥ ነው!" ስትል ደነገጠና ዘረገፈው። እንደ ሊፍት ምርመራ ሪፖርት ከላይ እስከ ታች፦ ቅናሹን፣ ገደቡን፣ የአንያንጉን አፓርታማ ወርሃዊ ክፍያ፣ ጋዙን።

ብዩን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጀመረውን አቆመ። "ከሁለት መቶ ሺህ ስንት ይተርፍዎታል?"

"ስድስት ሺህ።"

"ባቡሩስ ስንት ነው?"

"ደርሶ መልስ አሥራ አምስት ሺህ። ግን እሱንም በካርዱ ስለምከፍለው..."

ፖሊሱ ደብተሩን ከደነ። "ይሄ ወንጀል አይደለም" አለ። ትንሽ አሰበና፣ "ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።"

እማዬ ገና ማማሰያዋን እንደያዘች ነበረች። "ስንት አልክ?"

"ስድስት ሺህ፣ እማማ።"

"በወር?"

"በወር።"

"እኔ ይሄን የጎድን ሥጋ በአርባ ሺህ ነው የገዛሁልህ" አለች። ወጥ ቤት ገብታ የተጣደውን አወጣችና አቀረበች። "ና ልጄ፣ ብላ" ያለችው ግን ፖሊሱን ነው። እሱ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ቢያመልጥ፣ ጆም-ሱንን ጠራቻት። ጆም-ሱን የዎን-ሆ ቦታ ላይ ተቀምጣ አጥንቱን እስክትግጥ በላች። ዎን-ሆ ሰባት ካርድ ሳይፋቅ ቀርቶበት ወደ ባቡር ጣቢያ ሄደ።

እህቴ በሩን ስትከፍት እጁ ባዶ መሆኑን አየች። ኪምቺ የለም፣ ዓሣ የለም። "እማዬ ምን ሆነች?" ብላ ጮኸች። ምንም እንዳልሆነች ሲነግራት፣ ከዚያ የሆነውን ሲነግራት፣ የባሰ ጮኸች።

"እኔ እኮ ካፖርት ገዛሁልህ! ባሌ ተለወጠልኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ!"

"ካፖርቱን እንኳ በካርድ ብትገዢው ኖሮ..." ብሎ ጀመረ። ሳይጨርሰው ራሱን ከነካፖርቱ ደጅ አገኘው።

እኔ ለአንድ ሳምንት ሳቅኩ። ሥራ ቦታ አወራሁት፣ ሰዎቹም ሳቁ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ፣ "አንተስ በዓመት ስንቴ ትሄዳለህ?" አለችኝ። ያ ሰውዬ ቢያንስ የስድስት ሺህ ዎን ምክንያት ነበረው። እኔ እሱም አልነበረኝም።

ቀጣዩ ወር ሃያ አምስት ሲደርስ ዎን-ሆ አልሄደም። ተላጭቶ፣ ለብሶ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እህቴ እንደነገረችኝ፣ አራት ጊዜ ተነስቶ የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ ዘጋ። ለምሳ ሲቀራረብ ስልኩ ጮኸ፤ እማዬ ናት።

"ገደቤ ዛሬም አልተነካም" አለችው። "ትመጣለህ ወይስ ለጆም-ሱን አማች ልስጠው?"

"እማማ... እኔ በምን ዓይኔ..."

"ዓይንህን ተወው፣ መነጽርህን ይዘህ ና። ግን ስማኝ፦ ከእንግዲህ መጀመሪያ የኔ ጋዝና መብራት ነው የሚከፈለው። የተረፈ ካለ ያንተ። ሥጋውን ደግሞ አንተ ነህ የምትገዛው።"

ዎን-ሆ ካፖርቱን አንስቶ ወጣ። ስንት ኪሎ ሥጋ ይዞ እንደሄደ አልነገረኝም፤ እህቴ ግን ማዳበሪያ ሙሉ ነው ትላለች።

ያኔ እማዬ ለኔም ደወለች። "ያንተ ስልክ ገደብ ስንት ነው?" አለችኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ "በወሩ አሥር ላይ እመጣለሁ" ብዬ ዘጋሁ።

ባለፈው ስሄድ ዎን-ሆን እዚያው አገኘሁት፤ አሁን በወሩ አሥርም ሃያ አምስትም የሚመጣበት ቀን ሆኗል። የክበቡን የክረምት ጋዝ በአረጋውያኑ ሁሉ ስልክ እከፍላለሁ ብሎ ግድግዳው ላይ ተራ ለጥፏል። ዘጠኝ አሮጊቶች ወለሉ ላይ ተደርድረው ይፍቃሉ፣ እሱ በመካከላቸው እየተዘዋወረ ይመረምራል። እማዬ ጥፍሯን እየተጠቀመች ከሁሉም ትፈጥናለች።

"ቀስ፣ እማማ፣ ቁጥሩን ይፍቁታል!" ይላታል።

"አንተ ቁጥርህን ብቻ አንብብ።"

ጆም-ሱን የምስጢር ቁጥሯን ረስታ ስልኳን አዘግታለች። እስኪከፈት አሥር ደቂቃ ስላለ፣ ዎን-ሆ መጥረጊያ ይዞ የክበቡን ቦይ ሊያይ ወጣ።