የአባ ዘሚካኤል ጀሪካን

ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ያለው ዳገት ላይ የያምሮት አሮጌ ቤት መኪና ሁለት ጊዜ አሳለ፣ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። ያምሮት ፍሬኑን ረግጣ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ይሽከረከራል፤ አይነሳም። ደግማ አዞረች።

«በል እንጂ አንተ ሽማግሌ! የዛሬን ብቻ!»

ከጎኗ የተቀመጡት አባቷ ቄስ ዘሚካኤል የመኪናውን ፊት በመስቀላቸው ባረኩት። እሷ ያየችው ሰዓቷን ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ።

ሙሽራዋ አምለሰት ከቡሬ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በሚገባው የአፈር መንገድ መጨረሻ ላይ ትጠብቃለች። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይገባል። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ሙሽራ ማስዋብ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጣደፉ ከአንድ ሰዓት አያንስም። አባ ዘሚካኤል የሙሽራዋ ቤተሰብ የነፍስ አባት ናቸውና ሊመርቁ አብረው ተሳፍረዋል።

ያምሮት ሙሽራ የምታስውበው በዚሁ መኪና ውስጥ ነው። ሁለት አዛውንት ፈረንጆች በሱዳን በኩል ነድተውት መጥተው፣ ጢስ ዓባይ ላይ ሲሰለቻቸው ጥለውት የሄዱት፣ አልጋና ምድጃ፣ የውሃ ቧንቧም ያለው የናፍታ መኪና ነው። በዕድሜ እሷን በአሥር ዓመት ይበልጣታል። አልጋውን አውጥታ ወንበርና ትልቅ መስታወት ተከለችበት። በሰርግ ወራት ከገጠር ገጠር እየዞረች ጸጉር ቤቱን ሙሽሮቹ ደጃፍ ድረስ ታደርሰዋለች። ማን አስተማራት? ማንም። ጸጉሩንም ሞተሩንም ከስልክ ላይ እያየች ነው የለመደችው። ይህንንም ለጠየቀም ላልጠየቀም ትናገራለች።

ባለፈው እሁድ ግን መኪናው እንዲሁ መንገድ ላይ ቆሞባት አረፈደች። የዚያን ቀኗ ሙሽራ ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደጎፈረ «ሰርገኛ መጣ» ተብላ ተጎትታ ወጣች። አንዱ ሥራ ፈት ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ገበያ የያምሮት ስም «ግማሽ ሙሽራ» ሆኖ ዋለ። ዛሬም ካረፈደች፣ ለዚህ ጥር ቀርቶ ለመጪውም ልጇን የምትሰጣት እናት የለችም። ወሬ ናፍታ አያልቅበትም።

ስልኳን አወጣች።

«አሸናፊ! ሰኞ የገጠምክልኝ ፓምፕ ሞተ። ሦስት ቀን! ዶሮ እንኳ እንቁላሏን ሃያ አንድ ቀን ትታገሳለች!»

«ደህና አደርሽ ያምሮት» አለ አሸናፊ። የፍኖተ ሰላም መካኒክ ነው፤ ቢያባርሩት የማይሮጥ፣ ቢሰድቡት የማይመልስ። «ምን ምልክት አሳየሽ?»

«ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፣ አሳለ፣ ቆመ። ምልክት ካማረህ እኔ ራሴ ምልክት ነኝ፤ ናና እየኝ!»

«ሌላ ፓምፕ አለኝ። ይዤ መጣሁ።»

«ናፍታም ያዝ! ቀለም የተቀባ አሮጌ ፓምፕ እንዳታመጣልኝ ደግሞ!» ብላ ዘጋችው።

መቀመጥ አልሆነላትም። ከመኪናው ወርዳ ወደ ኋላ ሄደች፣ ወደ ፊት መጣች፣ ጎማውን በእርግጫ መታች። አባ ዘሚካኤል ከወንበራቸው ሥር ያለችውን ትንሽ ጀሪካን በእግራቸው ገፋ አደረጓትና ዳዊታቸውን ገለጡ።

«አባ፣ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ ልጄ። ቀስ በይ። ሰውየው መካኒክ ነው እንጂ ጠላትሽ አይደለም።»

ስልኳ ጮኸ። አምለሰት ናት። «እታለም፣ የት ደረሽ? የሙሽራው እናት ቀድማ መጥታ ከአሁኑ ‹ግማሽ ሙሽራ ናት አሉ የምታስጌጣት› እያለች ትስቃለች።»

«ደርሻለሁ! ጸጉርሽን ታጥበሽ ጠብቂኝ፤ ለሷም ጥርሷን ታጥባ ትጠብቀኝ በያት!»

አባ ዘሚካኤል ቀና ብለው አዩአትና ተመልሰው ወደ ዳዊታቸው አቀረቀሩ።

አሸናፊ ሦስት ሰዓት ላይ በሞተር ሳይክሉ ደረሰ፤ ከኋላው የመፍቻ ሳጥንና አንድ ቢጫ ጀሪካን ናፍታ ታስሯል። መጀመሪያ ወደ አባ ሄዶ «ይፍቱኝ አባ» ብሎ መስቀል ተሳለመ። ያምሮት ይህንን እንኳ እንደ መዘግየት ቆጠረችው።

«ትልቁ ፓምፕም ሞቷል፤ ናፍታውን ወደ ሞተሩ መርጨት አቅቶታል» አለችው ገና እጁን ሳያስገባ። «ስልክ ላይ አይቻለሁ፣ ምልክቱ አንድ ነው።»

«ይሆናል። እንየው።»

የሞተሩ ክዳን በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ነው። ከፈተው። ሰኞ ከገጠመው፣ ናፍታ ከጋኑ ከሚስበው ትንሹ ፓምፕ ወደ ማጣሪያው፣ ወደ ፊልትሮው፣ የሚሄደውን ጎማ ፈታና «አዙሪው» አላት። አዞረች። ከጎማው ጫፍ አረፋ ወጣ፣ ከዚያ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ምንም። ቀጥሎ ከነዳጅ ጋኑ የሚመጣውን ጎማ ፈትቶ በአፉ ነፋበት። ከጋኑ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«መስመሩ አልተዘጋም» አለ አፉን እየጠረገ። «ናፍታው ፓምፑ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። የማያሳልፈው ፓምፑ ነው።»

«ትልቁም ሊሆን ይችላል አልኩህ!»

አሸናፊ ጀሪካኑን ተሸክሞ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ረጅም ቀጭን ጎማ በመስኮቱ አውርዶ በቀጥታ ከፊልትሮው ጋር አገናኘው። ናፍታው ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት መውረድ ጀመረ። አየሩን አስወጣና እንደገና «አዙሪው» አለ። ሞተሩ አሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ደግሞ አሳለ፣ ከዚያ ያዘ። እየተንገጫገጨ ሠራ።

«ትልቁ ደህና ነው» አለ አሸናፊ። «ጥፋተኛው ትንሹ ነው።»

«ይኸው! አንተ የሸጥክልኝ!» ያምሮት በሁለት እጇ አጨበጨበች። «አሮጌ ቀለም ቀብተህ! ሴት ናት ብለህ! እኔኮ ናፍታውን በነጠላ አጥልዬ ነው የምቀዳው፤ ከኔ ምንም አልገባም!»

በመንገዱ ዳር የሚያልፉ ሁለት አህያ ነጂዎች ቆመው ያዳምጡ ጀመር። አሸናፊ ግን ጭሱን እያየ ነበር። ሞተሩን አጠፋ፣ ፓምፑን ነቀለ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ በካቻቢቴ ከፈተው። ውስጡ ጡብ የተፈጨበት ይመስል ቀልቷል። ናፍታውን የምታሳልፈው ትንሽ ክዳን ዝጋ ተጣብቃለች።

«ሰኞ አዲስ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያምሮት፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። ብርጭቆ አለሽ?»

ሙሽሮች የሚጠጡበትን ንጹሕ ብርጭቆ እየነጫነጨች ሰጠችው። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ቡሎን ፈትቶ ብርጭቆውን ደቀነ። ሞልቶ ሲረጋ ለሁሉም ታየ። ከላይ ቢጫው ናፍታ ሁለት ጣት፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ ሦስት ጣት።

«ይህን ያህል ውሃ ከየትም በስሕተት አይገባም» አለ። «ሰው ጨምሮበታል። አንድ ቀን ብቻም አይደለም።»

«የቡሬው ናፍታ ሻጭ!» አለች ያምሮት። ስልኳን አወጣች። «እንዲህ አድርጌ ነው የማዋርደው! ይኼ ቀጣፊ፣ ይኼ...»

«ተይው» አሉ አባ ዘሚካኤል።

«አልተውም አባ!»

«ተይው አልኩሽ። እኔ ነኝ።»

 አባ ከመኪናው ወርደው ቆመዋል፤ ያቺ ትንሽ ጀሪካን በእጃቸው ናት።

«የጥምቀት ጸበል ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከኪዳን ስመለስ፣ አንቺ ሳትነሺ፣ አንድ አንድ ጣሳ እጨምርለት ነበር። በዚህ መንገድ ብቻሽን ስትመላለሺ ሆዴ እየባባ። እሁድ ሲቆምብሽ ደግሞ አነሰው ይሆን ብዬ ሁለት ሁለት አደረግሁት። ሰውን የሚፈውስ ብረትን ምን ይለዋል ብዬ።»

አህያ ነጂዎቹ አልሳቁም። ያምሮት ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። ሰኞ አሸናፊን ጋራዡ ውስጥ፣ ደንበኞቹ ፊት «ሌባ» ብላው ነበር፤ አሁን ደግሞ መንገድ ላይ። ፊቷ ቀላ።

አሸናፊ ብርጭቆውን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠ። «አባ፣ ጥፋት የለብዎትም። መኪናን ጸበል ይረጩታል እንጂ አያጠጡትም፤ ማን ነግሮዎት ያውቃሉ? አሁን ጋኑን ከሥር ከፍተን ሁሉንም እናፈሰዋለን፣ አዲሱን ፓምፕ እገጥማለሁ፣ ያልቃል።»

«የት ልታፈሰው?»

«እዚሁ፣ ቦዩ ውስጥ።»

«አይሆንም!» አባ ድምፃቸው ጠና። «ጸበል ነው። ከብትና ሰው የሚረግጠው ቦታ አይፈስም።»

«እሺ፣ ከዚያ ማዶ ካለው ደብር...»

«ናፍታ ቅጥር ግቢ ውስጥ አፍስሰህ የደብሩን ዛፍ ልታደርቅ ነው?»

አሸናፊ ጭንቅላቱን አከከ። ያምሮት ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። እግሯ ብቻውን መሬቱን ይደበድባል። ጋኑ አይፈስም፤ ካልፈሰሰ አዲሱም ፓምፕ ይዝጋል። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ካለው ቢጫ ጀሪካን ላይ አረፈ።

«ጋኑን ለምን እንነካዋለን?» አለች። «ይቀመጥ! ፓምፑ ከጀሪካኑ ይጠጣ። ጀሪካኑ እዚህ ውስጥ፣ ሞተሩ አጠገብ ይቀመጣል።»

አሸናፊ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ሁለት ጎማ ያስፈልገዋል። አንዱ የሚስብ፣ አንዱ የተረፈውን የሚመልስ። ይሆናል። የሚይዘው ሰው ካለ።»

ሁለቱም ዞረው አባን አዩ።

ሥራው ተጀመረ። አሸናፊ የፓምፑን ማሸጊያ፣ አሮጌውን ጉርኒሲዮን፣ በምላጭ ፋቀ፣ አዲሱን አለበሰ፣ ፓምፑን አስቀምጦ ሁለቱን ቡሎኖች ተራ በተራ አጠበቀ። ያምሮት ሳይጠይቃት መፍቻ ታቀብለዋለች፤ አንዴም ቁጥር አልሳተችም። የቀድሞውን ፊልትሮ ጥላ ከሳጥኑ አዲስ አውጥታ ናፍታ ሞላችበት። አሸናፊ የፓምፑን የእጅ መግፊያ ሲጫን እሷ የፊልትሮውን ቡሎን ላላ አድርጋ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቀች። አረፋ፣ አረፋ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍታ። አጠበቀችው። ቁልፉን ስታዞር በመጀመሪያው ተነሳ።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። አባ ዘሚካኤል ነጭ ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ቢጫውን ጀሪካን በጉልበታቸው መሃል እንደ ሕፃን አቅፈው ተቀመጡ። አሸናፊ በሞተር ሳይክሉ ከኋላ ተከተለ። ማንም አላዘዘውም።

ቡሬን በጡሩምባ አለፉ። ወደ አፈሩ መንገድ ሲገቡ ያምሮት በመስታወቷ አየች። በአበባ ያጌጡ አራት መኪኖች አቧራ እያስነሱ ይመጣሉ። ሰርገኛው! መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ቦይ። የመጀመሪያው ሹፌር ጡሩምባውን ሳይለቅ ያንባርቃል። አንዱ ሚዜ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ጮኸ፦

«አሳልፊን እንጂ! ሬሳ ነው የጫንሽው?»

«ቄስ ነው የጫንኩት! ቅደመኝና ንስሐ ትገባለህ!»

«ልጄ፣ ቀስ፣ ፈሰሰብኝ!» አሉ አባ ጀሪካኑን አጥብቀው እያቀፉ።

ሙሽራዋ ደጅ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ከሩብ፤ የሙሽራው ወገን ከኋላቸው እየወረደ ነው። አምለሰት የታጠበ ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ታለቅሳለች። ያምሮት ክንዷን ይዛ ወደ መኪናው አስገባቻትና አባቷን አየቻቸው። አንድ ሰዓት ያስፈልጋት ነበር፤ አንድ ደቂቃም የላትም።

አባ ዘሚካኤል ጀሪካኑን ለአሸናፊ አስረከቡ። ናፍታ የነካውን ጋቢያቸውን አራግፈው በሩ መሃል ቆሙ፣ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ልጆቼ» አሉ ለሰርገኞቹ። «ሳትመረቁ አትገቡም። ባርኔጣችሁን አውልቁ።»

ሚዜዎቹ አወለቁ። ምን ያደርጋሉ? አባ ከአዳም ጀመሩ። ከአዳም ወደ ኖኅ፣ ከኖኅ ወደ አብርሃምና ሣራ፣ ይስሐቅና ርብቃ ላይ ሲደርሱ ጸሐዩ የሚዜዎቹን አናት ይቆላ ነበር። ያዕቆብ ለራሔል ያገለገለውን አሥራ አራቱን ዓመት አንድ በአንድ አመሰገኑ። አንዱ ሚዜ «አሜን» እያለ ሊያሳጥር ሞከረ። «ገና ነው ልጄ» አሉት በፍቅር።

መስታወቱ ፊት የያምሮት ጣቶች ይሮጣሉ። ከውጭ የአባቷ ድምፅ ሳይቸኩል ይመጣል፤ ያ ድምፅ እስከተሰማ ድረስ ጊዜ አላት። ሩትና ቦዔዝ ላይ የመጨረሻውን ሹሩባ ቋጨች። ቃና ዘገሊላ ላይ መሸፈኛውን አለበሰች። አምለሰት በመስታወቱ ራሷን አይታ ትንፋሿን ዋጠች።

«ሙሉ ነሽ» አለቻት ያምሮት። «ውጪ።»

እልልታው ደጁን ሲሞላው የሙሽራው እናት አምለሰትን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ከኋላም ዞራ አየች። ግማሽ የሆነ ነገር አላገኘችም።

ያምሮት ላቧን ጠርጋ ወደ አሸናፊ ሄደች። መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጀሪካኑን እንደያዘ ነው። ቆመች። 

«አያ አሸናፊ» አለች በመጨረሻ። ‹አያ› ብላው አታውቅም። «ሰኞ ጋራዥህ እመጣለሁ። ሰው በሞላበት ሰዓት። ‹ሌባ› ያልኩህ ሰው ፊት ነውና፣ ሰው ፊት እመልሰዋለሁ።»

«አያስፈልግም ያምሮት።»

«ላንተ አላልኩም፤ ለራሴ ነው። አሁን ተነስ፣ ምሳ ብላ።»

አባ ዘሚካኤል ከበሩ ላይ ደክመው መጡ፤ ድምፃቸው ሰልሏል። ያቺን ትንሽ ጀሪካን ከወንበሩ ሥር አውጥተው ክዳኗን ፈቱ። ያምሮትና አሸናፊ እኩል ዘለው ተነሱ።

«ኧረ ተዉ!» አሉ አባ፣ ጸበሉን በመዳፋቸው ቀድተው የመኪናውን አፍንጫ ከውጭ ሦስት ጊዜ እየረጩ። «ተምሬያለሁ።»